ዜሮን በሦስት የመተካት ጣጣ

ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ሰኞ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው። ጋሼ መርካቶ ውስጥ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጡ ደንበኛዬ ሲሆኑ፣ የሽያጭና የዱቤ መመዝገቢያ ፕሮግራማቸውን የሠራሁላቸው እኔ ነኝ።

«አንተ ልጅ፣» አሉኝ ሰላምታውን ዘለው፣ «ይሄ ኮምፒውተርህ ጤና የለውም። ቀኑን ጳጉሜን ስድስት ብዬ ስጽፍለት ‹እንዲህ ያለ ቀን የለም› ይለኛል።»

«እስኪ ደግመው ይሞክሩት ጋሼ።»

«ሦስቴ ሞከርኩት። የለም ካለ የለም ነው። ታዲያ እኔ ዛሬ ቁርሴን የበላሁት መቼ ነው?»

ኮዱን ከፍቼ ስበረብር ስሕተቱ የእኔ አለመሆኑን አገኘሁ፤ ደስ እንዳለኝም አልደብቅም። ፕሮግራመር ሁሉን ነገር ከባዶ አይጽፍም። ቀን ቆጠራን የመሰለውን አሰልቺ ሥራ አንድ የማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው አገር፣ ሌሊት ተቀምጦ ጽፎት በነጻ ለዓለም ለቆታል፤ እኛ እያነሣን እንሰካዋለን። ላይብረሪ ይባላል። (እማዬን «ላይብረሪ ውስጥ ስሕተት አገኘሁ» ብላት «ታዲያ መጽሐፉን ለባለቤቱ አትመልስም?» አለችኝ።) እኔ የሰካሁት ላይብረሪ የብዙ ሕዝብ ካላንደር ያውቃል። የእኛንም 13 ወር ያውቃል። የማያውቀው ጳጉሜን መቼ 6 እንደምትሆን ነው። ዓመቱን ለ4 ያካፍልና ቀሪው ዜሮ ሲሆን ስድስተኛዋን ቀን ይጨምራል። የጻፈው ሰው የፈረንጆቹን ፌብሩዋሪ እያሰበ መሆን አለበት። በእኛ ግን ስድስተኛዋ ቀን የምትመጣው ቀሪው 3 ሲሆን፣ ዘመነ ሉቃስ ሲያበቃ ነው። ላይብረሪው የሉቃስን ቀን ቀምቶ ለዮሐንስ ሰጥቶታል።

ማስተካከያው ዜሮዋን ደምስሶ ሦስት መጻፍ ነው። አንድ አኃዝ። ለጋሼ «2015 ከሆነ ዝም ብለህ አሳልፍ» የምትል አንዲት መስመር ሸጉጬ አረጋጋኋቸውና፣ ዋናውን ጥገና ለዓለም ላበረክት ተነሣሁ። ማታ ሰፈር ውስጥ ችቦ ሲለኮስ እኔ ኮምፒውተሬን ለኩሼ ተቀመጥኩ። አምስት ደቂቃ ይበቃኛል ብዬ ነበር።

ለማያውቅ ሰው አካሄዱን ላስረዳ። የሰው ኮድ ላይ እጅህን አትሰድም። መጀመሪያ ‹ፎርክ› ታደርገዋለህ፤ ስሙ ሹካ ነው፣ ሥራው ግን ሙሉውን ፕሮጀክት ወደ ራስህ ቤት መገልበጥ ነው። ቅጂህ ላይ የፈለግኸውን ታርማለህ። ከዚያ ባለቤቶቹን ‹ፑል ሪኩዌስት› ትጠይቃለህ፤ ኑና የእኔን እርማት ወደ እናንተ ጎትቱ እንደማለት። እርማቷ ራሷ ፓች ትባላለች፤ የትምህርት ቤት ሱሪያችን ጉልበት ላይ እናቶቻችን ይጥፏት የነበረችው እራፊ ማለት ነው። ቃሉ እንዲሁ አልመጣም። ኮድ በተበሳ ወረቀት ይጻፍ በነበረበት ዘመን የተሳሳተውን ቀዳዳ በእውነትም ቁራጭ ወረቀት ለጥፈው ነበር የሚደፍኑት።

ይህ ሁሉ የቆመበትን ጊት የተባለ መሣሪያ የጻፈው ሊነስ ቶርቫልድስ ነው። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1991 ፊንላንድ ውስጥ ተማሪ ሳለ ለትርፍ ጊዜው ብሎ ሊኑክስን ጀመረ፤ ከዚያ ከየአገሩ የሚጎርፍለትን ፓች የሚያስተናግድበት ብሎ በ2005 ጊትን ሠራ። ጊት በእንግሊዞች ሰፈር አማርኛ ደስ የማይል ሰው መስደቢያ ነው። ሊነስም ሥራዎቼን ሁሉ በራሴ ስም ነው የምጠራቸው እያለ ይቀልዳል። በፓች ላይ የሚሰጠው አስተያየት ለዓመታት ሰው ያስለቅስ እንደነበር ለሚያውቅ ቀልዱ ሙሉ በሙሉ ቀልድ አይደለም፤ በ2018 ራሱም ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ጊዜ ከሥራው ገለል ብሎ ነበር።

እኔ ግን በሥርዓት ያደግሁ ልጅ ነኝ። ከአንዷ አኃዝ ጋር ሦስት አንቀጽ ደብዳቤ አያያዝኩ። ስለ ድካማቸው አመሰገንኩ፣ ስለ ጤናቸው ጠየቅሁ፣ አዲሱ ዓመት የሰላም እንዲሆንላቸው ተመኘሁ፤ ማብቂያው ላይ፣ ልክ ገንዘብ ሊበደር እንደመጣ ዘመድ፣ «በነገራችን ላይ» ብዬ ጳጉሜንን አነሣሁ።

በአንድ ደቂቃ ውስጥ መልስ መጣ። ልቤ ዘለለች። ሮቦት ነው። «ርዕስህ ከ50 ፊደል በልጧል» ይላል። ደግሞም ርዕሱ በትእዛዝ መልክ ይጻፍ፤ ‹አስተካከልኩ› አይባልም፣ ‹አስተካክል› ነው የሚባለው። እኔ የገዛ ታናሽ ወንድሜን እንኳ ‹እስኪ› ሳልል ውኃ አላስቀዳም፤ የማላውቀውን ሰው፣ ያውም በቤቱ ገብቼ፣ ‹አስተካክል› ልበለው? አልኩት። ሁለተኛ ሮቦት ተከተለ፤ የኮዱን ፈተናዎች አስኪዶ ሰባት ቦታ መውደቄን በቀይ አስታወቀኝ። ከሰባቱ አንዱም እኔ ከነካሁት መስመር ጋር አይገናኝም፤ እኔ ከመምጣቴ በፊትም የወደቁ ነበሩ። ሦስተኛው ሮቦት ፊርማ ጠየቀኝ፤ ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ከማንም አልሰረቅሁም የምትል ቃል። ነገርየዋ ከሊኑክስ ሰዎች የመጣች ናት፤ ኮዳችንን ወስዳችኋል የሚል የፍርድ ቤት ክርክር ከተነሣ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ አመጧት። ሌባ አለመሆንን ለአንድ አኃዝ መፈረም ትንሽ ከበደኝ። የስም ቅጹ ደግሞ ‹የቤተሰብ ስም› ካልሞላሁ አላልፍ አለ፤ የአባቴን ሞላሁ። ይህቺን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ከሰው መልስ የመጣው በሦስተኛው ሳምንት ነው። የፕሮጀክቱ ሜንቴነር፣ ማለትም ገቢ ወጪውን የሚጠብቁት፣ በፎቷቸው ቦታ ቢጫ የፕላስቲክ ዳክዬ አድርገዋል። ወንድ ይሁኑ ሴት፣ ወጣት ይሁኑ ሽማግሌ አይታወቅም። እንግሊዝኛ ይህ አያስጨንቀውም። አማርኛ ግን ‹መጣ› ወይም ‹መጣች› ሳይሉ ወሬ የማይጀመርበት ቋንቋ ነው። ደግነቱ አያቶቻችን ‹እሳቸው› የምትባል መሸሸጊያ ትተውልናል፤ አክብሮቱም ይደርሳል፣ ጾታውም ይድበሰበሳል። ስለዚህ ዳክዬው እሳቸው ናቸው።

እሳቸው እንዲህ ብለው ጠየቁኝ፦ «ለካናቴራው ነው?»

ግራ ገባኝ። በኋላ ስጠያይቅ ነገሩ ገባኝ። በየዓመቱ በኦክቶበር ሃክቶበርፌስት የሚባል ዘመቻ አለ፤ በወሩ ውስጥ አራት ፑል ሪኩዌስት ያቀረበ ሰው ካናቴራ ይሸለም ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ግን ካናቴራ ፈላጊው በዝቶ፣ አንዱ ነጥብ ሲጨምር፣ ሌላው ‹ድንቅ ፕሮጀክት› የምትል ቃል ሲሰካ፣ ሜንቴነሮች ያን ወር ቆሻሻ ሲጠርጉ ከረሙ። በዚህ ምክንያት ነው በፈቃዱ ላልተመዘገበ ፕሮጀክት የቀረበ ፓች እንዳይቆጠር የተወሰነው። እንግዲህ በኦክቶበር መባቻ፣ ከማይታወቅ ሰው፣ አንድ አኃዝ የቀየረ፣ ሦስት አንቀጽ ሙገሳ የደረደረ ፓች ሲያዩ ምን ያስቡ? «ካናቴራ አለኝ» ብዬ መለስኩ።

ከዚያ ግምገማው ተጀመረ። የመጀመሪያዋ አስተያየት ‹ኒት› በምትል ቃል ትጀምራለች፦ «ኒት፦ በመስመሩ መጨረሻ ትርፍ ባዶ ቦታ አለ።» ቀጥሎ ሌላ ኒት። ሦስተኛ ኒት። ቃሉን መዝገበ ቃላት ውስጥ ፈለግሁት። ቅጫም ይላል።

እውነቱን ልናገር፣ ተሰድቤ መሰለኝ። ቆይቼ ሳስበው ግን ከዚህ የተሻለ ቃል አጣሁለት። ልጅ ሳለሁ እማዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ደጅ በርጩማ ታወጣና ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አጋድማ ፀሐይ ላይ ትፈልግልኝ ነበር። ቅማሉማ ይሮጣል፣ ያሳክካል፣ ራሱን ያጋልጣል። ጊዜ የሚፈጀው ቅጫሙ ነው፤ ፀጉር ላይ ሙጭጭ ብሎ ምንም ሳይመስል የነገን ቅማል ይጠብቃል። «እማዬ በቃ» ስላት «አንዲት ብትቀር ሳምንት እንደገና ነን» ትልና ወደ ሌላኛው ጆሮዬ ታገላብጠኛለች። ዳክዬውም እንደዚያ አገላበጡኝ። ‹ሦስት› የምትለዋን አኃዝ እንዲሁ ባዶዋን አትጻፍ፣ ስም ስጣት አሉ። ሰጠኋት። ስሟ ረዘመ አሉ። አሳጠርኩ። አሁን ምን እንደሆነች አይገባም አሉ።

ሰርግ ቤት ሽንኩርት ልክተፍ ብሎ የገባ ጎረምሳ ዕጣም ይኸው ነው። ጓሮ ያሉት እናቶች ‹ተባረክ› ይሉና ቢላዋ ይሰጡታል። ቆይተው መጥተው ትሪውን ያዩና ‹ይድቀቅ› ይላሉ። ያደቅቃል። ‹ትንሽ ይድቀቅ› ይላሉ። እንባውን በክንዱ እየጠረገ ሲያስረክብ፣ እሱ ፊት ለፊት እንደገና ይከትፉታል።

ዋናው ጥያቄ ግን ቅጫም አልነበረም፤ «ለምን 3? ማስረጃህ ምንድን ነው?» የሚል ነበር። «እኛ ስለምንኖርበት» የሚለው መልስ በቂ ሆኖ አልተገኘም። ጎረቤታችን መሪጌታ ዘንድ ሄድኩ። መሪጌታ ባሕረ ሐሳብ በጣታቸው አንጓ የሚቆጥሩ ሰው ናቸው። «ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ዓመተ ፍዳን ጨምርበት፣» አሉኝ፣ «2015 ሲደመር 7515 ይሆናል። ለ4 ግደፈው፤ 3 ይቀራል። አንድ ቢቀር ማቴዎስ፣ ሁለት ቢቀር ማርቆስ፣ ሦስት ቢቀር ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ቢያልቅ ዮሐንስ። ይሄ ደግሞ ማስረጃ ይፈልጋል?»

ለዳክዬው ተረጎምኩላቸው። አራቱን ወንጌላውያን በዚያ ገጽ ላይ በእንግሊዝኛ ስዘረዝር እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። 5500 ለ4 እኩል ስለሚካፈል መደመሩ ቀሪውን እንደማይለውጠው፣ ስለዚህም ኮዱ ውስጥ እንደማያስፈልግ ጨመርኩ። ዳክዬው በዚህ ደስ አላቸው። መሪጌታ አልተደሰቱም። «ከአዳም ጀምሮ የተቆጠረውን አያስፈልግም ብለህ ጣልከው?» አሉኝ።

ሁለተኛው ጥያቄ ከባድ ነበር፦ «በ2100 ምን ይሆናል?» ፈረንጆቹ በ100 የሚካፈለው ዓመት በ400 ካልተካፈለ ተጨማሪዋን ቀን ይዘሏታል፤ ስለዚህ 2100 ላይ ፌብሩዋሪያቸው 28 ቀን ብቻ ነው። እኛስ? ወደ መሪጌታ ተመለስኩ። «እኛ አንዘልም፣» አሉ በአጭሩ፤ «እነሱ ከዘለሉ እንቁጣጣሽ በእነሱ ወረቀት ላይ አንድ ቀን ይገፋባቸዋል እንጂ እኛን ምን አገባን?» እውነት ነው፤ ከዚያ ወዲያ መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 መዋሏ ቀርቶ 12 ላይ ትውላለች። ሦስተኛው ጥያቄ «ዓመቱ ከዜሮ በታች ቢሆንስ?» የሚል ነበር። ይህንን ለመሪጌታ እንዴት እንዳቀረብኩት አልነግራችሁም። ከዜሮ በታች ዓመት የለም፣ ዓመተ ዓለም ነው ያለው ተብዬ ተመለስኩ። ደግነቱ በዓለም ኮምፒውተሮች ውስጥ የየአገሩን ቀን አጻጻፍ የሚያከማቸው የዩኒኮድ መዝገብም ሁለቱንም ቆጠራዎቻችንን፣ ምሕረቱንም ዓለሙንም፣ ለየብቻ ያውቃቸዋል። ዳክዬው ይህን ሲያዩ ተረቱ።

ከዚያ ፈተና ጻፍ ተባልኩ። አራት ዓመት፣ ከማቴዎስ እስከ ዮሐንስ፣ 1461 ቀን፤ አንድም ሳይዘለል፣ አንድም ሳይደገም። ለአንድ አኃዝ 40 መስመር ፈተና ጻፍኩ።

ከዚህ በኋላ ዝምታ ሆነ። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። ከሰው ምንም የለም። 60ኛው ቀን ላይ አራተኛ ሮቦት ብቅ ብሎ ፑል ሪኩዌስቴ ‹ስቴል› መሆኑን አረዳኝ። ለዳቦ የሚባል ቃል ነው፤ ከርሟል፣ ሊሻግት ነው። በሳምንት ውስጥ ድምፅ ካላሰማሁ ይዘጋል። ድምፅ ላሰማ የሞከርኩበት ሳምንት ኔትወርክ አልነበረም። ተዘጋ።

ተናደድኩ። ለእማዬ ቡና ላይ ዘረገፍኩላት። በነጻ ሠርቼላቸው፣ ለምኜ፣ መሪጌታን አስቀይሜ! እማዬ ሁለተኛውን ስኒ እየቀዳች የጠየቀችኝ ሌላ ነው።

«ስንት ሊከፍሉህ ነበር?»

«ምንም።»

«ምንም?»

ዶናልድ ክኑት የሚባሉ ታላቅ የኮምፒውተር ሊቅ ግን መጽሐፋቸው ውስጥ ስሕተት ላገኘ ሰው 2 ዶላር ከ56 ሳንቲም ቼክ ይልኩ እንደነበር፣ ተቀባዮቹም ባንክ ሄደው በመመንዘር ፈንታ በመስተዋት አስገብተው ግድግዳ ላይ እንደሚሰቅሉት ነገርኳት። እማዬ የማይመነዘር ቼክ ላይ ትንሽ ቆየች።

«ለእነሱስ፣ ለዚያች ዳክዬ፣ ማን ይከፍላል?»

«ማንም።»

«ታዲያ በማንም ያልተከፈለው ሰው አንተን ቶሎ ባላስተናገደ ነው የምትቆጣው?»

ለጊዜው አልተዋጠልኝም። የተዋጠልኝ መጋቢት 20 ቀን ነው፤ በፈረንጆቹ ማርች 29 ቀን 2024። የዚያን ዕለት የሙያው ሰው ሁሉ በድንጋጤ ያወራው ስለ ኤክስዜድ ነበር። ኤክስዜድ ፋይል የሚያጨምቅ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ በብዙ የሊኑክስ ማሽኖች ውስጥ አለ፣ ሲጠብቀው የኖረው ግን በተግባር አንድ የደከመ ሰው ነበር። ጂያ ታን የተባለ፣ ማንነቱ ያልታወቀ አጋዥ መጣ። ከሁለት ዓመት በላይ በትሕትና ፓች ላከ፣ ኒቱን ለቀመ፣ ይድቀቅ ሲሉት አደቀቀ። ሌሎች የማይታወቁ ስሞችም በየመሐሉ እየገቡ ሰውዬውን አንተ ዘገየህ፣ ለሌላ አስረክብ እያሉ ወተወቱት። በዚህ መሐል ቁልፉ ለጂያ ታን ተሰጠ። በመጨረሻም ከቤቱ ጓሮ የምሥጢር በር ከፈተ። የተያዘው በአጋጣሚ ነው፤ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ የራሱ ማሽን ውስጥ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቷ ቆርቁሮት ነገሩን ሲከታተል አገኘው። ግማሽ ሰከንድ! ስንቶቻችን ወረፋ ለምደን ግማሽ ቀን የማይቆረቁረን አለን።

ያን ሳነብ የራሴን ሦስት አንቀጽ ሙገሳ አስታወስኩና አፈርኩ። ሙገሳውም፣ ትሕትናውም፣ «ለምን ዘገያችሁ» ማለቱም እኔም ቤት ነበረ። ለዳክዬው አጭር ይቅርታ ጻፍኩላቸው፤ ይህን ጊዜ ከ50 ፊደል ሳላልፍ። በማግስቱ መለሱ። ይህን ሥራ የሚሠሩት ልጆቻቸው ከተኙ በኋላ መሆኑን ነገሩኝና አከሉ፦ «አንተ ሦስትህን ሰጥተኸኝ ትሄዳለህ። ከዚያ ወዲያ እሷ ብትሳሳት በሌሊት የምጠየቀው እኔ ነኝ። ያሳድጓት ብለህ ነው ደጄ ላይ ያስቀመጥካት።» እኔ ስጦታ ነበር የላክሁ የመሰለኝ።

የተዘጋውን ከፈቱት። እኔም በዚህ መሐል የተለወጠውን ኮድ ከእኔው ጋር ሳስማማ አንድ ሌሊት አደርኩ። ግንቦት 2016 ላይ አራት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ጻፉ፦ ኤል፣ ጂ፣ ቲ፣ ኤም። ለእኔ ጥሩ ይመስላል ማለት ነው፤ ሰው በዚህ ሙያ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና አይጠብቅም። ዜሮዋ ወጣች፣ ሦስቷ ገባች። ስምንት ወር ከምናምን።

ሐምሌ ላይ አዲሱ እትም ሲወጣ የተባባሪዎች ዝርዝርም አብሮ ወጣ። ያቺ ‹የቤተሰብ ስም› ያልኳችሁ እዚህ ነው የመጣችው። የእኔ ስም አንዲት ፊደልና ነጥብ ሆና ቀርታ፣ አባቴ ሙሉ ስሙ ሰፍሮ ይመሰገናል። አባቴ ኮምፒውተር በእጁ ሳይነካ ያረፈ ሰው ነው። ለእማዬ በስልኬ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ስሙን በጣቷ እየጠቆመች ሁለት ጊዜ አስነበበችኝና «እሱ እኮ ድሮም የሰው ሒሳብ ሲያርም ነው የኖረው» አለች። ያን ዕለት ቡናው አራተኛ ተደገመ።

ከዚያ ክረምቱ አለፈ፣ አዲስ ዓመት ገባ። መስከረም 2017 ሁለተኛው ሳምንት ላይ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ ሰኔ ላይ 60 ቆርቆሮ በዱቤ የወሰደ ኮንትራክተር ነበር። ዱቤውን ስመዘግብ ቀኑን እኔ ልሙላ ብሎ ራሱ ኪቦርዱን ነክቶ ሞላው። ጳጉሜን 6 እከፍላለሁ አለ። ኮምፒውተርህም እሺ ብሎ ተቀበለው።»

ላቤ መጣ። ሰኔ ላይ ፓቹ ዋናው ቤት ገብቷል እንጂ እትሙ አልወጣም። እትሙ ከወጣ በኋላ ደግሞ ለሰው ሁሉ «አውርዱ» እያልኩ ስለጥፍ የጋሼን ሱቅ ረስቼዋለሁ። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች። የጋሼ ማሽን እስከ ዛሬ የሚሠራው በአሮጌዋ ዜሮ ነው፤ 2016 ለ4 ሲካፈል ደግሞ ምንም አይተርፈውም።

«እና ጋሼ፣ ከፈለ?»

«ምን ይከፍላል! ስደውልለት ‹ቀኑ መቼ ደረሰና ነው የሚጠይቁኝ?› አለኝ። ጳጉሜን አምስት ብላ አለቀች፣ በማግስቱ መስከረም ሆነ። ‹ልከፍል የፈረምኩበት ቀን አልመጣም› ነው የሚለው።»

ዝም አልኩ።

«አንተ ግን ይሄን ነገር አስተካከልኩት፣ ያባቴም ስም ወጣበት ብለኸኝ አልነበረም?»

«አስተካክያለሁ እኮ ጋሼ። ለዓለም በሙሉ።»

«እና መርካቶ የት ነው?»